ጎማው የተነፈሰ አውቶብስ

እህቴ በሄደች በሁለት ዓመት ከመንፈቋ ከሪያድ ለልጇ ጫማ ላከች። ሰማያዊ ነው፤ ረገጥ ሲያደርጉት ተረከዙ ላይ መብራት ብልጭ የሚል ዓይነት። ቁጥሩ 25። ልጁ ገና ካርቶኑ ሲከፈት እየዘለለ ቤቱን ካመሰው በኋላ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ከጫማው ጋር ትግል ገጠመ። ጣቶቹ ገቡ፤ ተረከዙ ውጪ ቀረ። እኔም ማንኪያ አምጥቼ ከኋላ በኩል ሞከርኩ። እሱ ገፋ፣ እኔ ጎተትኩ፤ መብራቱ ብቻ በከንቱ ብልጭ ድርግም አለ። በመጨረሻ ልጁ ጫማውን አውልቆ በጥሞና ተመለከተውና፦

«ጋሼ፣ ጫማው ገና አላደገም» አለኝ።

(ጋሼ የሚለኝ እናቱ ጋሼ ስለምትለኝ ነው። አጎት መሆኔን ሊቀበል አልቻለም።)

የልጁ እግር 29 ነው። እህቴ እዚያ ሱቅ ቆማ በሐሳቧ የለካችው ግን ጥላው የሄደችውን የሦስት ዓመት ልጅ እግር ነው። አልፈርድባትም። አርብ አርብ ማታ በስልክ ታየዋለች፤ ነገር ግን በስልክ መስታወት ውስጥ ልጅ ሁልጊዜ አንድ ልክ ነው። ትናንትም ዛሬም ከስልኩ አይበልጥም። ቀረብ ሲል ይገዝፋል፣ ራቅ ሲል ያንሳል፤ ማደጉ በየት በኩል ይታወቅ? ፊቱን ታያለች፣ ጥርሱን ታያለች፣ ቁመቱን ግን አታይም።

ያን ዕለት ማታ ነው ሹራቡን ከሣጥን ያወጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ከመሄዷ በፊት ለልጇ ሹራብ ጀምራ ነበር። ጀርባውን ጨርሳለች። ለፊት ለፊቱ ክሩ አለ፤ ለመደቡ አመድማ፣ ለሥዕሉ ቀይና ቢጫ፣ ትንሽም ነጭና ጥቁር። ሥዕሉ ከሒሳብ ደብተር በተቀደደ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ ተሥሏል፤ ልጁ የወደደው ቀይና ቢጫው የከተማ አውቶብስ። እሑድ እሑድ ይዛው ትሳፈር ነበር፤ የሚሄዱበት ኖሯቸው ሳይሆን እንዲያው መስኮት ዳር ተቀምጦ ከተማውን እንዲያይ። ሁሉም በአንድ ፌስታል ታስሮ ተቀምጧል። በወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ላይ በእህቴ እጅ ጽሕፈት «7/5» ተጽፎ በእርሳስ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

እኔ ቀን ነው ብዬ ተረዳሁት። በወር 5፣ በቀን 7፤ ጥር 7። ጥር 7 ደግሞ ሥላሴ ነው። እንግዲህ ስለት ይሆናል አልኩ። ምን ተስላ ይሆን? ለመመለሷ? ለልጁ? ደውዬ እንዳልጠይቃት ሹራቡን ልቀጥል ማሰቤን ማወቅ ይኖርባታል፤ ያ ደግሞ ካልተሳካልኝ ነገሩ እፍረት ነው። ዝም አልኩ።

መቼም ማሰብ ቀላል ነው። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ አለኝ፤ ቋሚ መሥሪያ ቤት የለኝም፤ በየመጽሔቱ እየጻፍኩ የምኖር የ36 ዓመት ጎልማሳ ነኝ። በእጄ ከእስክሪብቶ በቀር የያዝኩት መሣሪያ የለም። ስለዚህ ፌስታሉን አንጠልጥዬ ወደ ጎረቤታችን ወደ እማማ ሄድኩ። እማማ በጡረታ እስኪወጡ ድረስ የእጅ ሥራ ያስተምሩ የነበሩ ሴት ናቸው። ዛሬም መርፌያቸው ከጃንጥላ ሽቦ የተሠራ ነው፤ ከሱቅ የተገዛውን «እጄ አያውቀውም» ይሉታል።

«ወንድ ልጅ ሹራብ ሊሠራ?» አሉኝ ከእግር እስከ ራሴ እያዩ።

«ሸማ የሚሠራው ማነው እማማ?»

ትንሽ አሰቡ። «እሱስ እውነትህን ነው» አሉና ወንበር ሰጡኝ።

ሹራብ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላብራራ። ሹራብ ማለት እርስ በርሱ የተያያዘ የክር ቀለበት ነው። እማማ ቀለበቱን «ዓይን» ይሉታል፤ የወንፊት ዓይን እንደሚባለው። ዓይኖቹ ወደ ጎን ሲደረደሩ አንድ ተራ ይሆናሉ፤ ተራ በተራ ላይ ሲወጣ ጨርቁ ያድጋል። ሥዕል የሚገባውም በዚሁ ነው፤ በወረቀት ላይ አንዷ ካሬ አንድ ዓይን ናት፤ ካሬዋ ቀይ ከሆነች ዓይኗ በቀይ ክር ይሠራል። እንደ ፊደል ቆጠራ ቀላል ይመስላል።

እማማ ግን ሥዕሉን ከማየታቸው በፊት «መጀመሪያ ቁራጭ ሥራና አምጣ» አሉኝ። በእህቴ ክርና በእህቴ መርፌ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ሠርቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ ወሰድኩላቸው። የልብስ ሰፊ ሜትር ዘርግተው በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን ዓይኖች ቆጠሩ። 24። የእህቴን ጀርባ ዘርግተው ቆጠሩ። 20።

«እጅህ ፈርቷል» አሉኝ።

ክሩ ያው፣ መርፌው ያው፤ የሚለየው እጅ ብቻ ነው። እሷ ዘና ብላ ስትሠራ እኔ እንደ በቅሎ ልጓም አጥብቄ ይዣለሁ። ይህ ደግሞ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ በእሷ እጅ 22 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው አውቶብስ በእኔ እጅ ከ18 ብዙም አይበልጥም። መድኃኒቱ «ላላ አድርግ» ማለት አይደለም፤ ሰው ላላ በል ስለተባለ አይላላም። መርፌውን ማወፈር ነው። በሦስተኛው ሙከራ፣ ከእህቴ መርፌ ግማሽ ሚሊ ሜትር በሚበልጥ መርፌ፣ 20 ሞላልኝ። ወደ ላይ ደግሞ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 28 ተራ። ይህን ቁጥር አንባቢ ያዝልኝ፤ እኔ ግን ያኔ አልያዝኩትም።

ከዚያ በጉጉት አውቶብሱን በመለማመጃ ክር ሠራሁት። ወረቀቱ ላይ ያለውን ካሬ አንድ በአንድ፤ ወደ ጎን 44፣ ወደ ላይ 24። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ጨርሼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና ልጁን ጠራሁት። ልጁ አንገቱን ወደ ቀኝ አዘነበለ፣ ወደ ግራ አዘነበለ።

«ጎማው ተንፍሷል» አለ።

እውነቱን ነው። በወረቀቱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የነበሩት ጎማዎች ተድጠው እንቁላል ሆነዋል። አውቶብሱ ራሱ ጣሪያው ላይ ዝሆን የተቀመጠበት ይመስል ወደ መሬት ተጣብቋል። እማማ ሲያዩት መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

እኔ ሳልስቅ ቀረሁ፤ ምክንያቱም ይህን ስሕተት የትም ባየው ማወቅ ነበረብኝ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ገጽ አሠራር ስንማር ከሁሉ አስቀድሞ የተነገረን ፎቶግራፍን ዓምድ ለመሙላት ብሎ በአንድ በኩል ብቻ መጎተት ክልክል መሆኑ ነው። ይህን የረሳ አንድ ጋዜጣ የአንድ ባለሥልጣንን ፊት እንደ ድፎ ዳቦ አስፍቶ አውጥቶት ስንት ቀን ተስቋል። እኔም ያደረግሁት እሱኑ ነው። የደብተር ካሬ በአራቱም ጎን እኩል ነው። የሹራብ ዓይን ግን እኩል አይደለም፤ ጎኑ ይሰፋል፣ ቁመቱ ያጥራል። በእኔ እጅ አንድ ዓይን ጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁመቱ ግን 4 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በወረቀት 22 በ12 ሴንቲ ሜትር የነበረ አውቶብስ በክር 22 በ8 ተኩል ይሆናል።

ታዲያ ስንት ተራ ልጨምር ብዬ ለማካፈል ተቀመጥኩ። 28 ለ20። በሁለት ሲካፈል 14 ለ10። እንደገና ሲካፈል…

7 ለ5።

እርሳሱን አስቀምጬ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። ስለት አልነበረም። እህቴ፣ አውሮፕላን ልትሳፈር በተዘጋጀችበት ሳምንት፣ ለራሷ ማስታወሻ መጻፏ ነው፤ በሥዕሉ አምስት ተራ ካለ በሹራቡ ሰባት ሥሪ። ተመልሳ ልትጨርሰው አስባለች ማለት ነው። ወይም ሌላ ሰው እንዲያነበው አስባለች። አላውቅም።

መፍትሔው ሲነገር አጭር ነው። ከየአምስቱ ተራ ሁለቱን ደግሞ መሥራት፤ 24 ተራው 34 ይሆናል፤ አውቶብሱም 12 ሴንቲ ሜትር ቁመቱን ያገኛል። ለቀጥታው ነገር፣ ለጣሪያው፣ ለመስኮቱ፣ ለበሩ ይሠራል። ለክብ ነገር ግን አይሠራም፤ ጎማው ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጎኑ 7፣ ቁመቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌላ መስመር በማስመሪያ አሰመርኩና ጎማዎቹን በጠርሙስ ክዳን ዙሪያ እንደገና ሣልኳቸው። ወደ ጎን 8 ዓይን፣ ወደ ላይ 11 ተራ። ጎማዎቹ ተነፉ።

እግረ መንገዴን ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት አነበብኩ፤ የልማድ ነገር ነው። በአውሮፓ በካሬ ላይ የተሣለ የጥልፍ ንድፍ በመጽሐፍ ታትሞ መውጣት ከጀመረባቸው ቦታዎች አንዷ የጀርመኗ አውግስቡርግ ስትሆን ጊዜውም በእነሱ አቆጣጠር በ1520ዎቹ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ፣ በኋላ ኤድዋርድ 8ኛ የተባለው፣ ፌር አይል ከምትባለው የስኮትላንድ ትንሽ ደሴት የመጣ ባለ ጌጥ ሹራብ ለብሶ ጎልፍ ሲጫወት ታየና ሹራቡ ፋሽን ሆነ። የዚያ ጌጥ ብልሃቱ መደጋገሙ ነው፤ ሰውየው ቢወፍር አንድ ጌጥ ይጨመራል፣ ቢከሳ አንድ ይቀነሳል። የእኛም የመሶብ ስፌት ከዚህ ይቀራረባል፤ ዙሩ በሰፋ ቁጥር ሰፊዋ ያለ ወረቀት፣ ያለ ማስመሪያ፣ ጌጡን እኩል ታሰፋዋለች። አውቶብስ ግን አይደገምም። ግማሽ አውቶብስ ጨምር ቢሉት ምን ይጨመራል? በ1971 «ያለ እንባ ሹራብ መሥራት» የሚል መጽሐፍ ያሳተመችው አሜሪካ ነዋሪ የነበረችው ኤሊዛቤት ዚመርማን ሁሉን ነገር የምትጀምረው ቁራጭ ሠርቶ ከመለካት ነው። እማማ መጽሐፏን አላነበቡም፤ ትእዛዙ ግን ያው ነው። እንባውን በተመለከተ ሴትየዋ የአውቶብሱን ጉዳይ አላየችም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ልጁን ለካሁት። የደረቱ ዙሪያ 62። ለመተንፈሻና ለሸሚዝ 8 ሲጨመር 70፤ ለፊትና ለኋላ ሲካፈል 35፣ 35። ይህ ማለት በየጎኑ 70 ዓይን ነው። የእህቴ ጀርባ 64 ዓይን፣ 32 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁመቱ ደግሞ ከሚያስፈልገው በ5 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። የአንገቱ ቀዳዳ ብቻ ጥቂት ቢላላ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ፤ የሕፃን ራስ ከሦስት ዓመት በኋላ እንደ እግሩ አይሮጥም።

«ተርትረውና ከእንደገና ጀምረው» አሉ እማማ። «ክሩ እንደሆነ አይጠፋ።»

«ክሩ አይበቃም» አልኩ።

«ይበቃል።»

«አይበቃም እማማ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ጀርባውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው አንዴ ዳበሱት፤ አንድም የተዘለለ ዓይን፣ አንድም የጠበበ ተራ የለውም። በዚህ ቤት ውስጥ እህቴ በእጇ ሠርታ ትታው የሄደችው ነገር ይህ ብቻ እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ መንገርም አላስፈለገኝም።

«እንግዲያው ይቆረጣል» አሉ።

መቀስ ሲያነሱ ልቤ ቆመ። የቆረጡት ግን አንዲት ዓይን ብቻ ናት፤ ከታች ካለው ጥብቅ ጠርዝ በላይ። ከዚያ የተቆረጠውን ክር በመርፌ ጫፍ እየመዘዙ ተራውን ከዳር እስከ ዳር አወጡት፤ ጠርዙ ወለቀ። 64 ዓይኖች እንደ ጫጩት አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አንድ ባንድ በመርፌ ለቀምናቸውና ወደ ታች መሥራት ቀጠልኩ፤ 5 ሴንቲ ሜትር ሜዳውን፣ ከዚያ ጠርዙን እንደገና። ወደ ታች የተሠራው ከላይኛው ጋር በግማሽ ዓይን ያህል ይሸሻል፤ ሜዳ ሥራ ላይ ግን ዓይን አይይዘውም። በግራና በቀኝ ደግሞ ስፌቱ የሚበላውን አስቤ 5 ዓይን፣ 5 ዓይን ስፋት ያላቸው ሁለት ጠባብ ቁራጮች ሠርቼ ሰፋሁባቸው። የእህቴ ሥራ ሳይነካ መሐል ቀረ፤ በሦስት በኩል የእኔ እጅ ከበበው።

ፊት ለፊቱ ሲሰፋ አውቶብሱም አብሮ ማደግ ነበረበት፤ አለዚያ ደረቱ መሐል እንደ ጠፋ ሰው ብቻውን ይቆማል። ከ44 ዓይን ወደ 48 ማለት ነው። እዚህ ላይ የሒሳብ ማሽን አይረዳም። የበሩ መስመር አንድ ዓይን ነው፤ አንድ ዓይን ከአንድ በጥቂት አይበልጥም፤ ወይ አንድ ነው ወይ ሁለት። ሁሉን እኩል ላሳድግ ካልኩ መስኮቱ ይወፍራል፣ ጎማው ይጣመማል። አራት ዓይን ማለት ደግሞ ከነክፈፉ አንድ መስኮት ነው። መስኮት ጨመርኩ።

«እዚህ ማን ይቀመጣል?» አለኝ ልጁ በአዲሱ መስኮት ላይ ጣቱን አድርጎ።

«አንተ ምረጥ።»

አልነገረኝም። ሲመርጥ እንደቆየ ግን አውቃለሁ።

ንባቡም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የሹራብ ሥዕል የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ተራ ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ዐረብኛ፣ ጨርቁ ሲዞር ሁለተኛው ከግራ ወደ ቀኝ እንደ አማርኛ። እኔ በልማድ የመጀመሪያውንም በአማርኛ፣ ሁለተኛውን በዐረብኛ አነበብኩትና አውቶብሱ ዞሮ በሩ እንደ እንግሊዞቹ በግራ ጎኑ ሆኖ አረፈው። ተርትሬ መለስኩት። ሌላም ጊዜ ቀዩን ክር ከቢጫው ጋር ከጀርባ ሳላቆላልፍ አለፍኩና በሁለቱ ቀለሞች መካከል ቀዳዳ ቀረ፤ ልጁ ወዲያው ጣቱን ሰደደበት። ክሩን በጀርባ በኩል ከዳር ዳር መጎተትም አይሆንም፤ ሕፃን ሲለብሰው ጣቱን ያጠልፈዋል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ትንሽ ጥቅል፤ አንዳንዴ በአንድ ተራ ላይ ዘጠኝ ጥቅል ተንጠልጥሎብኝ እንደ ሙዝ ነጋዴ እቀመጥ ነበር።

በመጨረሻ ቁጥር አማረው። አውቶብስ ያለ ቁጥር አይሆንም። የትኛው ቁጥር ቢባል የእናቱን ስልክ አለኝ፣ ሙሉውን። ቆጠርኩ፤ ከነአገሩ መለያ 12 አኃዝ ነው። አንዱ አኃዝ ቢጠብ ቢጠብ 3 ዓይን ይፈልጋል፤ በየመካከሉ አንድ አንድ ክፍት ሲጨመር 47። አውቶብሱ 48 ነው፤ በእርግጥ ይገባል!

«ታዲያ ሰው የት ይቀመጣል?» አልኩት።

በመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ተስማማን። ሹራቡ ካለቀ በኋላ በጥቁር ክር በዓይኖቹ ላይ ዓይን እየሰፋሁ አስገባኋቸው።

አርብ ማታ ሹራቡን አልብሼ ስልኩ ፊት አቆምኩት። እህቴ መጀመሪያ ጮኸች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ «እስኪ ዙር» አለችው። ዞረ። ዝም ብላ ቆየች።

«ከታች የማን እጅ ነው?»

«የእኔ» አልኩ።

«ጠበቅ አድርገኸዋል» አለች። እኔ 20 መሆኑን ምዬ ልነግራት ስል ልጁ ቀደመኝ።

«እማዬ፣ የላክሽው ጫማ ገና አላደገም።»

ይህን ከአንድ ወር በላይ ደብቄያት ነበር። ምን ማለት እንዳለብኝ ሳላውቅ ስቀር እሷ «ባለ ካሬ ደብተር አላችሁ?» አለችኝ። አመጣሁ። «እግሩን አስቁምና ዙሪያውን አስምር፤ ፎቶግራፉን ላክልኝ።» በየ5 ሚሊ ሜትሩ የተሰመረ ወረቀት ነው፤ ፎቶግራፉ በስልኳ ቢያንስም ቢበልጥም የካሬው ቁጥር አይለወጥም። ልጁ ቀኝ እግሩን ወረቀቱ ላይ ተክሎ ቆመ፤ እኔ ተንበርክኬ በእርሳስ ዞርኩት። ፎቶግራፉን ላክሁ። ስልኩ እንደተከፈተ ነው፤ በዚያኛው በኩል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። እየቆጠረች ነው።

«36?» አለች።

«36።»

«ተረከዙ ከመስመሩ አልፎ ይሆን እንዴ? እስኪ እንደገና ቁጠርልኝ ጋሼ።»

ከተረከዙ ጀምሬ ጮክ ብዬ ቆጠርኩላት። ልጁ እግሩን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም ነበርና «አሁንስ ላንሳ?» አለኝ።